«ላኪ» የተባለው ማነው? በኤሌክትሮኒክ ፖስታ ማጣሪያ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሒስ

የዶሜይን ስምንና የፖስታ ሰርቨርን አይፈለጌ መልእክትን እንዲከላከሉ አድርጎ ስለማዘጋጀት የሚያስረዳ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ መመሪያ ለአስተያየት ቀርቦልኝ ነበር። መመሪያው ለመሥሪያ ቤቶች የኮምፒዩተር ባለሙያዎች የታሰበ ሲሆን፣ በስተመጨረሻው የስያሜዎች ዝርዝር ተያይዞበታል። ተርጓሚው ትጉህ ሰው ለመሆኑ ሥራው ምስክር ነው፤ በዝርዝሩ ውስጥ ከሰፈሩት ስያሜዎችም ብዙዎቹ ለየብቻ ሲታዩ የሚነቀፉ አይደሉም። ይሁን እንጂ መመሪያው ከዳር እስከ ዳር ሲነበብ ባለሙያውን ያሳስተዋል። ቃላቱ ደኅና ሆነው ሳሉ ጽሑፉ የሚያሳስት ከሆነ፣ ጉድለቱ ከወዴት እንደመጣ መመርመር ይገባል።

ነገሩ በወረቀት ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ብዕር ባላነሣሁም ነበር። ረቂቁ ለአስተያየት ከመላኩ በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት በሥራ ላይ ውሎ ቆይቷል። በዚያ የሚሠራ አንድ ወጣት ባለሙያ መመሪያውን መስመር በመስመር ተከትሎ የመሥሪያ ቤቱን ዶሜይን አዘጋጀ፤ ሥራውንም በሚገባ እንደፈጸመ ለአለቃው አስታወቀ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በመሥሪያ ቤቱ ኀላፊ ስም የተጻፈ የሐሰት ደብዳቤ ለሠራተኞች ደረሰ። ደብዳቤው ለአንድ አስቸኳይ ጉዳይ ገንዘብ እንዲያስገቡ የሚያዝ ነበር፤ ሁለት ሰዎችም አምነው ከፈሉ። ባለሙያው ተጠርቶ ሲጠየቅ የመመሪያውን ገጽ ገልጦ አሳየ። እዚያ ላይ «ኤስፒኤፍ የላኪውን እውነተኛነት ያረጋግጣል» ተብሎ ተጽፏል። የሐሰቱ ደብዳቤ ሲመረመርም ኤስፒኤፍ የተባለውን ፈተና ያለ አንዳች እንከን ያለፈ ሆኖ ተገኘ። ልጁ አልዋሸም፤ ማሽኑም አልተሳሳተም። ጥፋቱ ያለው «ላኪ» በሚለው ቃል ውስጥ ነው።

ይህን ለመረዳት የኤሌክትሮኒክ ፖስታን አሠራር በጥቂቱ ማየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1982 ሁለት የአሠራር ሰነዶች በአንድ ወር ውስጥ ወጡ። አንደኛው፣ በጆን ፖስተል የተዘጋጀው፣ ሰርቨር ለሰርቨር መልእክት ሲያቀብል የሚነጋገርበትን ሥርዐት ይደነግጋል፤ ሁለተኛው ደግሞ የመልእክቱን ራስጌ ቅርጽ ይወስናል። በመጀመሪያው ሥርዐት መሠረት አቀባዩ ሰርቨር «ይህ ከእገሌ የመጣ ነው» ብሎ ይናገራል፤ መልእክቱ ሳይደርስ ቢቀር የሚመለሰው ወደዚህ «እገሌ» ነው። በሁለተኛው መሠረት በመልእክቱ ራስጌ ላይ «ከ» ተብሎ ስም ይጻፋል፤ ተቀባዩ በዐይኑ የሚያየው ይኸኛውን ብቻ ነው። ሁለቱ አንድ እንዲሆኑ የሚያስገድድ ነገር በሥርዐቱ ውስጥ አልተቀመጠም፤ በብዙ ትክክለኛ መልእክቶችም ላይ አይመሳሰሉም።

የአማርኛ ተናጋሪ ይህን ልዩነት ለመገንዘብ ኮምፒዩተር አያሻውም። በ1886 ዓ.ም. የፖስታ አገልግሎት በአገራችን ከተቋቋመ ወዲህ «ፖስታ» የሚለው የተውሶ ቃል ሁለት ፍቺ ይዞ ይኖራል፤ አንድም አገልግሎቱን፣ አንድም ደብዳቤው የሚከተትበትን ወረቀት ያመለክታል። በፖስታው ጀርባ ላይ የተጻፈው አድራሻ ሌላ፣ በደብዳቤው ራስ ላይ የሰፈረው ስም ሌላ ሊሆን እንደሚችል የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሁሉ ያውቃል። እንዲያውም ልማዱ ፖስታውን ቀዶ መጣልና ደብዳቤውን ብቻ ወደ ኀላፊው ማስገባት ነው። የኢሜይል ፕሮግራምም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ኤስፒኤፍ የሚመለከተው ፖስታውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣውና በ2014 የታደሰው ይህ ሥርዐት፣ የአንድ ዶሜይን ባለቤት በስሙ መልእክት ሊያወጡ የሚችሉትን ሰርቨሮች ዝርዝር በዶሜይን ስም ሥርዐት ውስጥ እንዲያሰፍር ያደርጋል፤ ተቀባዩ ሰርቨር በፖስታው ላይ የተጻፈውን ዶሜይን አይቶ ዝርዝሩን ይጠይቃል። አጭበርባሪው በፖስታው ላይ የራሱን ዶሜይን፣ በደብዳቤው ራስጌ ላይ ደግሞ የኀላፊውን ስምና አድራሻ ጻፈ። ለራሱ ዶሜይን የራሱን ሰርቨር በዝርዝር አስፍሯልና ፈተናውን አለፈ። መመሪያው «የላኪውን እውነተኛነት ያረጋግጣል» ሲል፣ ባለሙያው «ላኪ» የሚለውን ቃል እንደማንኛውም አንባቢ ደብዳቤው ላይ ስሙ የሚታየው ሰው ነው ብሎ ተረዳ። በረቂቁ ውስጥ «ላኪ» ለሁለቱም ገብቷል፤ ከዚያም አልፎ ደብዳቤውን ለሚያቀብለው ሰርቨር ጭምር የገባበት ቦታ አለ። አንድ ቃል ሦስት ሰው ተሸክሟል ማለት ነው።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ «የፖስታ ላኪ» እና «የደብዳቤ ላኪ» ተብሎ እንዲለይ፣ ማሽኑም «አቀባይ ሰርቨር» እንዲባል ነው። ለደብዳቤ ላኪው «ጸሐፊ» የሚለውን ቃል የመረጡ ባልደረቦች አሉ፤ የቴክኒክ ሰነዶቹ ራሳቸው የመልእክቱን ደራሲ ስለሚያነሡ መሠረት የሌለው አይደለም። ነገር ግን በመሥሪያ ቤት አማርኛ ጸሐፊ ማለት በኀላፊው በር ላይ የምትቀመጠው ሠራተኛ ናት፤ ግራ መጋባቱን በሌላ ግራ መጋባት መተካት ይሆናል።

ይህ መለያየት ከተደረገ በኋላ ዲማርክ የተባለው ሦስተኛ ሥርዐት ለምን እንዳስፈለገ በአንድ ዐረፍተ ነገር ማስረዳት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2015 በሰነድ የወጣው ዲማርክ፣ በደብዳቤው ላኪ ላይ ያለው ዶሜይን ኤስፒኤፍ ካረጋገጠው የፖስታ ላኪ ዶሜይን ጋር ወይም ዲኪም በተባለው ዘዴ መልእክቱን ካተመው ዶሜይን ጋር እንዲገጥም ይጠይቃል። ረቂቁ ግን ይህን መግጠም «አሰላለፍ» ብሎታል። አሰላለፍ በአማርኛ የወታደር ነው፣ የእግር ኳስ ቡድን ነው፣ ቢበዛ በገጽ ላይ የመስመሮች አቀማመጥ ነው። «የዶሜይን አሰላለፍ ያስተካክሉ» የሚል ትእዛዝ ያነበበ ባለሙያ ስሞቹን በቅጹ ላይ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ቢያስጠጋ አይፈረድበትም። «መግጠም» ግን ቁልፍ ከቁልፍ ቀዳዳ፣ ክዳን ከዕቃው፣ ቃል ከቃል ሲገናኝ ሁሉም የሚለው ቃል ነው። ስሙ ከስሙ ገጠመ፤ አልገጠመም። ከዚህ የበለጠ ማብራሪያ አይሻም።

አሁን ወደ ግሡ ልሻገር፤ በእኔ ግምት ከስሙ ይልቅ ግሡ ከብዷል። ረቂቁ «ማረጋገጥ» የሚለውን ግሥ እንግሊዝኛው በተለያዩ ቃላት ለሚገልጻቸው ልዩ ልዩ ሥራዎች ሁሉ ተጠቅሞበታል። ከመደጋገሙም በላይ የሚጎዳው፣ ማን ለማን እንደሚያረጋግጥ አለመናገሩ ነው። ከዚህ የተነሣ በባለሙያዎች ዘንድ በተደጋጋሚ ያጋጠመኝ አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ አለ፤ ይኸውም በራሳቸው ዶሜይን ላይ ኤስፒኤፍ ቢያስገቡ ወደ እነርሱ የሚጎርፈውን አይፈለጌ መልእክት የሚያግድላቸው ይመስላቸዋል። ምዝግቡ የሚሠራው በተቃራኒው ነው። እኔ በዶሜይኔ ላይ የማሰፍረው ቃል የሚጠቅመው ሌሎች ሰርቨሮች በስሜ የመጣውን ደብዳቤ እንዲመዝኑበት ነው፤ ወደ እኔ የሚመጣውን ለመመዘን ደግሞ የእኔ ሰርቨር የሌሎችን ቃል መጠየቅ አለበት። አንዱ ስለ ራስ የሚሰጥ ቃል፣ ሌላው ስለ ሌላው የሚቀርብ ጥያቄ ነው።

ለዚህ አማርኛ ከእንግሊዝኛው የተሻለ መሣሪያ አለው፤ ተርጓሚው ግን አልተጠቀመበትም። «መሰከረ» የሚለውን ግሥ እንውሰድ። በግሡ ላይ የሚቀጠሉት የ«ለ» እና የ«በ» ምዕላዶች ምስክርነቱ የሚጠቅም ወይም የሚጎዳ መሆኑን ያለ ተጨማሪ ቃል ይገልጻሉ፤ «መሰከረለት» እና «መሰከረበት» ለአማርኛ ተናጋሪ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የኤስፒኤፍ ውጤቶች በትክክል በዚህ መልክ የተሠሩ ናቸው። ምዝግቡ አቀባዩን ሰርቨር ሊመሰክርለት ይችላል፤ ሊመሰክርበት ይችላል፤ ሊጠረጥረው ይችላል፤ ወይም ዝም ሊል ይችላል። ረቂቁ ግን ሁለተኛውን «ጠንካራ ውድቀት»፣ ሦስተኛውን «ለስላሳ ውድቀት» ብሎ ሰይሟቸዋል። ውድቀት የመንግሥታት ነው። ለስላሳም ቢሆን በከተማችን ምግብ ቤቶች ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ የታወቀ ነው። ተርጓሚው በእንግሊዝኛው ቅጽል ላይ ዐይኑን ተክሎ ሳለ፣ የዶሜይኑ ባለቤት «ይህን ሰርቨር አላውቀውም፣ የእኔ አይደለም» በማለትና «የእኔ ያልሆነ ይመስለኛል፣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም» በማለት መካከል የሚመርጥ መሆኑ አምልጦታል።

«ማጣራት» የሚለውም ተመሳሳይ ወጥመድ አለበት። ጠላ ይጣራል፣ ውሃ ይጣራል፤ ጉዳይም ይጣራል። የመጀመሪያው ከቆሻሻው መለየት ሲሆን ሁለተኛው እውነቱን መርምሮ ማወቅ ነው። መመሪያው በአንድ ገጽ ላይ «ሰርቨሩ የማይታወቁ ላኪዎችን ያጣራል» ይላል። ይመረምራቸዋል ማለት ነው ወይስ ያስቀራቸዋል? እንግሊዝኛውን ሳላይ ለማወቅ አልቻልሁም፤ ባለሙያው ደግሞ እንግሊዝኛው በእጁ የለም። «ማጣሪያ» የሚለው ስም ሥር ሰዷልና ይቆይ፤ ግሡ ግን በመመሪያ ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ይመረምራል» ወይም «ያስቀራል» እየተባለ ቢለይ መልካም ነው።

በዲማርክ ውስጥ የዶሜይኑ ባለቤት ለተቀባዮች ከሚያቀርባቸው ሦስት ምርጫዎች አንዱን ይመርጣል። የእነዚህ ትርጉም በረቂቁ ውስጥ ካሉት ስሕተቶች ሁሉ ብዙ ጉዳት የማድረስ ዐቅም ያለው ነው። የመጀመሪያውን ተርጓሚው «ምንም» ብሎ፣ በሠንጠረዡ ላይ «መመሪያ፦ የለም» ሲል አስፍሮታል። «የለም» ያነበበ ሰው ዲማርክ ጭራሹን ያልተተከለ ይመስለዋልና ቸኩሎ ወደ ሦስተኛው፣ ወደ ጥብቁ ምርጫ ይዘላል። በዚያን ጊዜ መሥሪያ ቤቱ በሌላ ድርጅት ሰርቨር በኩል የሚያወጣቸው፣ ነገር ግን በምዝግቡ ያልተካተቱ እውነተኛ ደብዳቤዎች ሁሉ ተቀባዩ ደጃፍ ላይ ይቀራሉ። የመጀመሪያው ምርጫ ግን ባዶ አይደለም፤ «በመልእክቱ ላይ በእኔ ምክንያት እርምጃ አትውሰድ፣ ያየኸውን ግን ሪፖርት አድርግልኝ» ማለት ነው። ለዚህ የሚመጥን ቃል በአገራችን የታወቀ ነው፤ የምርጫ ታዛቢ ጣልቃ ሳይገባ ያያል፣ ያየውንም ይጽፋል። «ታዘብ» ቢባል በቂ ነው። ሁለተኛውን ረቂቁ «ማገድ»፣ ሦስተኛውን «መከልከል» ብሎታል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የሚነግረኝ አንባቢ ቢገኝ አመሰግነዋለሁ። በሁለተኛው መልእክቱ ይገባል፣ ነገር ግን ወደ ጎን ይቀመጣል። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኝ ጊዜ «ለይቶ ማቆያ» የሚለውን ሐረግ ሕፃናት ሳይቀሩ ተምረውታልና «ለይተህ አቆይ» እንበል፤ ሦስተኛውን ደግሞ «አትቀበል»። ሦስቱንም በትእዛዝ አንቀጽ ማስቀመጤ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ባለቤቱ ለተቀባዩ የሚናገረው ቃል ስለሆነ ነው።

ዲኪምን በሚመለከት ከብዙዎች የምለይበት አንድ አስተያየት አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ይህ ዘዴ፣ የላኪው ሰርቨር በሚስጥር በያዘው ቁልፍ መልእክቱን ምልክት አድርጎበት እንዲያወጣ፣ ተቀባዩም በዶሜይን ስም ሥርዐት ውስጥ በይፋ በተቀመጠው ተጓዳኝ ቁልፍ ምልክቱን እንዲፈትሽ ያደርጋል። ሁሉም ሰው ይህን ምልክት «ፊርማ» ይለዋል። ፊርማ ግን በመሥሪያ ቤት ሥርዐታችን የሰው ነው፤ ማኅተም ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ። ዲኪም ጽሑፉን ማን እንደጻፈው አይናገርም፤ የእገሌ ዶሜይን ኀላፊነት እንደወሰደበትና የታተመው ክፍል በመንገድ እንዳልተለወጠ ብቻ ይናገራል። በተጨማሪም የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 «ፊርማ» የሚለውን ቃል ለሌላ፣ ሕጋዊ ውጤት ላለው ጉዳይ ይዞታል። ስለዚህ «ማኅተም» ይሻላል እላለሁ። ባለሙያዎቹ ከእንግሊዝኛው ጋር አልተጣጣመም ብለው እንደሚቃወሙኝ አውቃለሁ። ይሁን፤ ክብ ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ይዞ ከመሥሪያ ቤት የተመለሰ ማንኛውም ባለጉዳይ ግን ይረዳኛል። በዚሁ ክፍል «የሕዝብ ቁልፍ» የተባለው «ይፋ ቁልፍ» ቢባል፣ ከቁልፎቹ መካከል የትኛው እንደሚፈለግ የሚጠቁመውም ስም «መራጭ» ከሚባል «የቁልፍ መለያ» ቢባል እመርጣለሁ፤ መራጭ ካርድ ይዞ የሚሰለፍ ሰው ነው።

እስካሁን «ምዝግብ» እያልሁ የተጠቀምሁበት ቃል ለአንዳንዶች እንግዳ ሳይሆን አይቀርም። ረቂቁ «መዝገብ» ነው የሚለው፤ ነገር ግን መዝገብ ጥራዙ እንጂ በውስጡ የሰፈረው መስመር አይደለም፤ በዚያ ላይ ረቂቁ የታገዱ ሰርቨሮችን ዝርዝርም «ጥቁር መዝገብ» ይላል (ይኸኛው ተገቢ ነው)። «መሰከረ» ካለው «ምስክር»፣ «መረመረ» ካለው «ምርምር» እንደሚወጣ ሁሉ «መዘገበ» ካለው «ምዝግብ» ቢወጣ ቋንቋው አይቆጣም። «ጎራ» የሚለውን ግን አልደግፍም። ጎራ ባላንጣ ይፈልጋል፤ አንዱ ጎራ ያለ ሌላው ጎራ አይታሰብም። «ዶሜይን» ብሎ መተው ይቀላል፤ ሰውም ያለው ይህንኑ ነው።

«አይፈለጌ መልእክት» ስለሚለው ሁለት ቃል ልበል። አወቃቀሩ እንከን የለውም፤ ከ«አይበገሬ» እና ከ«አይነኬ» ጋር አንድ ነው። የሚያጠያይቀው ፍቺው ነው፤ አይበገሬ የባለቤቱ ዘላቂ ጠባይ ሲሆን፣ መልእክት ግን በራሱ አይፈለጌ አይሆንም፤ አንዱ የጠላውን ሌላው ይሻዋል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 15 ለማስተዋወቅ ወይም ለመሸጥ በማሰብ ያለ ተቀባዮች ቅድሚያ ፈቃድ መልእክት ማሰራጨትን ሲከለክል መለኪያው ፈቃድ እንጂ ፍላጎት አይደለም። እንግሊዝኛው ስም ግን ከዚህ ሁሉ የራቀ ነው። መጀመሪያ የታሸገ የአሳማ ሥጋ መጠሪያ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1970 አንድ የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ቀልድ ቃሉን ጆሮ እስኪያደነቁር በመደጋገሙ የመሰልቸት ምልክት ሆነ። በ1978 ወደ 400 ለሚጠጉ የአርፓኔት ተጠቃሚዎች የተላከው የኮምፒዩተር ማስታወቂያ የዚህ ዐይነቱ መልእክት መጀመሪያ ተብሎ ቢጠቀስም ስሙ የተሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። በዚሁ ቀልድ ምክንያት ባለሙያዎቹ ጤነኛውን መልእክት በሌላ የአሳማ ሥጋ ስም ይጠሩታል፤ ተርጓሚያችንም ይህን ቃል በቃል መልሶ «ማጣሪያው የአሳማ ሥጋውን ለተጠቃሚው ያደርሳል» የሚል ዐረፍተ ነገር አበርክቶልናል። «ደኅነኛ መልእክት» ይበቃል።

«ሐሰተኛ አዎንታዊ» እና «ሐሰተኛ አሉታዊ» የሚባሉትንም ከዝርዝሩ ብናስወጣ ደስ ይለኛል። ማጣሪያ የሚሳሳተው በሁለት መንገድ ነው፤ «በስሕተት የተያዘ» አለ፣ «ያመለጠ» አለ። «ግራጫ መዝገብ» የተባለው ደግሞ ቀለሙ ምንም አይነግረንም። ዘዴው የማይታወቅ ሰርቨር ሲመጣ ለጊዜው እምቢ ማለት ነው፤ ሥርዐት ያለው ሰርቨር ቆይቶ ይመለሳል፣ አይፈለጌ መልእክት የሚረጨው ግን ብዙውን ጊዜ አይመለስም። «ነገ ተመለስ» በሚል ዘዴ ባለጉዳይን መፈተን ለመሥሪያ ቤቶቻችን ዐዲስ ስላልሆነ «ቆይተህ ተመለስ» የሚለውን ስያሜ ለማስረዳት የሚቸገር አይኖርም።

ባለሙያዎቹ ሁሉ እንግሊዝኛ እያወቁ ይህ ልፋት ለምን ያስፈልጋል የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ጉግልና ያሁ ብዙ መልእክት የሚልኩ ዶሜይኖች ኤስፒኤፍን፣ ዲኪምንና ዲማርክን ሁሉንም እንዲያሟሉ ጠይቀዋል፤ በጉግል በኩል መነሻው በቀን ወደ 5000 መልእክት ነው። የተማሪዎችን ውጤት፣ የአባላትን ጥሪ፣ የደንበኞችን ደረሰኝ በኢሜይል የሚልክ ተቋም ሥራውን ለአንድ ባለሙያ ብቻ ትቶ መቀመጥ አይችልም፤ የሚወስነውና የሚፈርመው ኀላፊ፣ ሒሳቡን የሚከፍለው ክፍል፣ የሐሰት ደብዳቤ የደረሰው ሠራተኛ ሁሉ ስለ ጉዳዩ በአማርኛ ይነጋገራሉ። ያ ወጣት ባለሙያ እንግሊዝኛ ያነባል። አለቃው የጠየቀው ግን በአማርኛ ነበር፤ «ላኪው ይረጋገጣል ወይ?» አለው፤ «አዎን» አለ።

ረቂቁን ከዚህ አስተያየት ጋር ለተርጓሚው መልሼለታለሁ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የነበረውን ዐረፍተ ነገርም እንዲህ አድርጌ ጽፌበታለሁ፦ «ኤስፒኤፍ አቀባዩ ሰርቨር በፖስታው ላኪ ዶሜይን ስም መልእክት ለማውጣት የተፈቀደለት መሆን አለመሆኑን ይመሰክራል፤ ስለ ደብዳቤው ላኪ የሚለው የለም።» «የመልእክት ራስጌ»ን፣ «ግልባጭ»ን እና «ስውር ግልባጭ»ን እንዳሉ ትቻቸዋለሁ። የፖስታ ሰርቨር ሁሉ ሊኖረው ስለሚገባው የኀላፊ አድራሻ ግን፣ «የፖስታ ሹም» ይባል ወይስ «የፖስታ ኀላፊ» የሚለውን ለጉባኤው አሳድሬዋለሁ።